እራቱ አልሞተም፣ የሄደችው ወጥ ሠሪዋ ናት

ጎበዝ፣ የአዲስ አበባ ሰው ለቅሶ አይጠላም። «የጀበና ቡና ቀረ» ብለን አለቀስን፤ ጀበናው በየመንገዱ ዳር፣ በየሕንፃው ሥር፣ ከነረከቦቱ ተመልሶ መጥቶ አሳፈረን። «መጽሐፍ የሚያነብ ጠፋ» ብለን አለቀስን። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ደግሞ አለቀስን፣ ያኛውስ ይለቀስለት። አሁን ተረኛው ሟች የቤት እራት ነው። ቤተሰብ ማታ ተሰብስቦ፣ ቤት የተሠራ ወጥ፣ በአንድ ትሪ፣ በአንድ ሰዓት መብላቱ ቀረ ይሉናል።

አልቃሹን ታውቁታላችሁ። ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። ቦታው ሃያ ሁለት ወይም ቦሌ ካለ አንድ ሥጋ ቤት፣ ሰዓቱ ከምሽቱ ሁለት ተኩል። ጥብሱ በሸክላ እየጨሰ ይቀርብለታል። አንዴ ጎረስ አድርጎ ራሱን ይነቀንቅና፣ «ድሮ እኮ ቤተሰብ አንድ ላይ ነበር እራት የሚበላው። ዛሬ ማን ያበስላል? የዛሬ ሴት ምን ታውቃለች?» ይላል። ወንድሜ፣ እራቱ ቤት አለ። ቤት የሌለኸው አንተ ነህ!

የክስ መዝገቡም ረጅም ነው። አንደኛ ተከሳሽ ስልክ፣ ሁለተኛ ተከሳሽ የቃና ድራማ፣ ሦስተኛ ተከሳሽ ኢንዶሚ፣ አራተኛ ተከሳሽ ምግብ እቤት ድረስ የሚያመጣው ልጅ፣ አምስተኛ ተከሳሽ «የተማረች ሴት»። ሁሉም ቆመው ይከሰሳሉ። አንድ ሰው ብቻ ከተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ የለም፤ እሱም ከሳሹ ነው።

እስቲ መጀመሪያ መሞቱን እናጣራ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ኮልፌ፣ ጉለሌ ወይም አቃቂ ሰፈር ለሰፈር ዞር ዞር በሉ። የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ከየበሩ ይቀበላችኋል። በረመዳን ደግሞ መርካቶና አካባቢው ሂዱ፤ መግሪብ ሲቃረብ የሳምቡሳው፣ የሾርባው፣ የቴምሩ ዝግጅት እያንዳንዱን ቤት እንዴት እንደሚያተራምሰው ታያላችሁ። ረቡዕና ዓርብ የጾሙን ሽሮና ምስር ወጥ ቤቷ ሠርታ የምትበላው እናት ስንት ናት? የዚህ ከተማ አብዛኛው ሕዝብ እራቱን እቤቱ የሚበላው ባህል ለመጠበቅ ብሎ አይደለም፤ ውጭ ለመብላት ገንዘብ ስለሌለው ነው። እንዲያውም ኑሮ በተወደደ ቁጥር ሆቴል የለመደውም ሳይወድ በግዱ ወደ ድስቱ ተመልሷል። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚታየውን የምሳ ዕቃ ሠራዊት ተመልከቱ። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ያን ሁሉ ምሳ ዕቃ ማታ በአራት ሰዓት የሞላው የማን እጅ ነው?

ስለዚህ «ሞተ» የሚባለው እራት የሁሉም ሰው እራት አይደለም። ደመወዝ ያለን፣ ሆቴል መግባት የምንችል፣ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሰው ሲያበስልልን የኖርን ሰዎች እራት ነው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ነገሩ ሁሉ እሷው ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ይኼ ለቅሶ አዲስ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ መኳንንቱ ገንዘብ ከፍሎ ከቤት ውጭ መብላትን ነውር ስላደረጉት፣ እምዬ ምኒልክ ራሳቸው አስከትለዋቸው ገብተው እንዳስለመዷቸው ይነገራል። ያኔም «ቤት የሌለው ሰው ይመስል!» ተብሎ ሳይታማ አልቀረም። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ የቤት እራት ግን ያኔ አልሞተም።

ከዚያ ወዲህም ወጥ ቤቱ ሥራውን ወደ ውጭ ሲያወጣ ነው የኖረው። አያቶቻችን ጤፉንና በርበሬውን የሚፈጩት ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነስተው፣ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተደፍተው ነበር። ሞተር ወፍጮ ሲመጣ ያ ሁሉ ልፋት ወፍጮ ቤት ገባ። ማን አለቀሰ? ቀጥሎ እንጨቱ በጋዝ፣ ጋዙ በኤሌክትሪክ ምጣድ ተተካ። ሽሮና በርበሬው ወደ ባልትና ሱቅ ሄደ። አሁን እንጀራውም ከሰፈር ሱቅ፣ ከጋጋሪዋ፣ በፌስታል ይመጣል። በየደረጃው «ሙያ ቀረ!» ተብሏል። በየደረጃውም እራቱ ትሪ ላይ ቀርቧል። የድንጋይ ወፍጮው መቅረት እራቱን አልገደለውም፤ የአንዲትን ሴት ወገብ አዳነ እንጂ።

ታዲያ አሁን የተለየው ምንድን ነው? ይኸው፦ እስከ ዛሬ የቀረው ዕቃውና ድካሙ ነበር፣ ዛሬ ግን መሄድ የጀመረችው ራሷ ሠሪዋ ናት።

ነገሩን በሰዓት እንቁጠረው። እንጀራ ለመብላት ጤፉ ይነፋል፣ በእርሾ ይቦካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ አብሲት ይጣልበታል፣ ከዚያ ይጋገራል። ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር የሚጋገረው መብራቱ በፈቀደ ሰዓት ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን። ዶሮ ወጥማ አይወራ! ዶሮዋን በ12 ብልት መገነጣጠል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ ያን ሁሉ ሽንኩርት ከትፎ ያለ ዘይት ማብሰል፣ አጠገቡ ቆሞ ለሰዓታት ማማሰል። የአዘቦቱ ሽሮ እንኳ «ቀላል ነው» የሚባለው ሠርተውት በማያውቁ ሰዎች ነው። መክተፉ፣ ማቁላላቱ፣ መጠበቁ፣ ማቅረቡ፣ ማንሳቱ፣ ማጠቡ አለ። «ነገ ምን ይሠራ?» ብሎ ማሰቡስ? እሱ ደግሞ ቅዳሜና እሁድም የለው። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ያለ ክፍያ በሚሠራ የቤት ሥራ ላይ ሴቶች የሚያጠፉት ጊዜ ከወንዶች እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ጥናቱን ያላነበበ ወጥ ቤት ገብቶ ይመልከት።

ይህ የሥራ ክፍፍል ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጽሑፍ አስፍሮት ነበር። ቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገዋል። ቁጥር 646 ደግሞ ባል ለሚስቱ አገልጋይ ሊቀጥርላት የማይችል ከሆነ የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ እንዳለባት ይናገራል። እስቲ ልብ ብላችሁ አስቡት። የሕጉ ዓለም ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፦ ወይ አገልጋይ፣ ወይ ሚስት። ሦስተኛ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳለ ሕግ አርቃቂው ትዝ አላለውም። ሦስተኛው ሰው ሳሎን ተቀምጦ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ ለባልና ሚስት በቤተሰባቸው አስተዳደር እኩል መብት ሰጠ። ቁጥር 646 ከሕግ መጽሐፉ ወጣች። ከወጥ ቤታችን ግን አልወጣችም። ዛሬ «የቤት እራት ሞተ» የሚለን ሰው በትክክል የሚያለቅሰው ለቁጥር 646 ነው።

ምክንያቱም የዚያ አንቀጽ ሁለቱም ሰዎች ቦታቸው ላይ የሉም። ሚስት ሥራ ሄዳለች። እንደ ባሏ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከቢሮ ትወጣለች፣ እንደ ባሏ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች፣ አያት ወይም ጀሞ እስክትደርስ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ልዩነቱ በሩ ላይ ይጀምራል። እሱ ሲገባ ቤቱ ገባ፤ እሷ ስትገባ ሁለተኛ ፈረቃ ገባች። ድሮ አያት ወይም አክስት አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ድስቱን ታማስል ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ቤተሰቡን በታትኖ አንዱን ቱሉ ዲምቱ፣ ሌላውን የካ አባዶ አድርሶታል። ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ ተብሎ ብሎኮቹ መካከል ኮሚናል ተሠርቷል፤ ምጣዱን ከአራተኛ ፎቅ ተሸክሞ የሚወርደው ማን እንደሆነ ግን ፕላኑ አይናገርም።

«አገልጋይ» የተባለችውስ? እሷም ሄዳለች። ደላላ ቤት ቁጭ ብላችሁ «የዛሬ ሠራተኛ ዋጋዋን አወጣችው!» ስትሉ ሰምተናችኋል። ዋጋዋን ማውጣቷ አይደለም፤ ምርጫ ማግኘቷ ነው። አንዷ ቤይሩት፣ አንዷ ጅዳ፣ አንዷ ኩዌት ናት፤ በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ጉዞውን ሲያግድ እንኳ በሕገ ወጥ መንገድ መሄዱ አልቆመም። ለእናንተ ሽሮ ትሠራ የነበረችው ልጅ ዛሬ ለሰው አገር ሰው ካብሳ ትሠራለች፤ ብዙ ጊዜም በከፋ እንግልት ውስጥ ሆና። ሌላዋ ፋብሪካ ገባች። ሌላዋ ተምራ እንደ እናንተ ቢሮ ተቀጠረች። ይኼ ነው «የባህል መሞት» የሚባለው?

እዚህ ላይ አንድ የማንወደውን ነገር እናንሳ። «ቤተሰብ በአንድ ትሪ ይበላ ነበር» ስንል ያቺን ልጅ ስንቶቻችን ትሪው ዙሪያ አስቀምጠናታል? እሷ ቆማ ታስታጥባለች፣ እንጀራ ትጨምራለች፣ ውኃ ታቀርባለች፤ ከዚያ የተረፈውን ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። የማታ ትምህርት ከተመዘገበች ደግሞ የእራቱ ሰዓትና የትምህርቱ ሰዓት አንድ ነው። የእኛ እራት በዘገየ ቁጥር እሷ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የሚምለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የቤት ሠራተኛን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓታል። ያ የምንናፍቀው የሞቀ እራት የሞቀው በማን ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ይገባናል።

«እና ምን ይሁን? ወንድ ወጥ ይሥራ ልትለን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ልላችሁ ነው።

«ባህላችን አይደለም» የምትለዋ መልስ ወዲያው እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ተብሎ የለ! ግን ባህላችንን በደንብ እናውቀዋለን? በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከምግብ ሁሉ የከበረውን የቁርባኑን ኅብስት በቤተ ልሔም የሚያዘጋጀው ማን ነው? ካህናትና ዲያቆናት፣ ወንዶች! ሴት በማይወጣበት ደብረ ዳሞስ ለመነኮሳቱ ማን የሚያበስልላቸው ይመስላችኋል? በግ ሲታረድ የሚገፈውና የሚበልተው ማን ነው? ወንድ። ታዲያ ሥጋውን እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስ ተሸክሞ የሚያደርስ እጅ፣ ደፏን ሲሻገር የሚሸመቀቀው ምን ነክቶት ነው?

ደመወዝ ሲኖረው ደግሞ አይሸመቀቅም። ነጭ ኮፍያ ደፍቶ ትልቅ ሆቴል ሲሠራ «ሼፍ» ይባላል፣ ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል፣ እናቱም ትኮራበታለች። ያው ሰውዬ ለሚስቱ ሽንኩርት ቢከትፍ «ሴታሴት» ይሆናል፤ «አንድ ነገር አቅምሳዋለች» ይባልበታል። ነውሩ ታዲያ ማብሰሉ አይደለም፤ በነጻ ማብሰሉ ነው። በነጻ መሥራት የሴት ተደርጎ ስለተቆጠረ ማለት ነው።

ላጤውንም እናውቀዋለን። ብቻውን ሲኖር ፍርፍር ይሠራል፣ ፓስታ ይቀቅላል፣ እንቁላል ይጠብሳል፣ ሰው ሲጋብዝ ጥብስ ይሞካክራል። ባገባ በወሩ ግን እጁ ይሽመደመዳል፤ ጨው የት እንደተቀመጠ እንኳ ይጠፋዋል። አሜሪካ የሄደውም እንደዚያው ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት ፈረቃ ሠርቶ ገብቶ ምስር ወጡን ራሱ ሠርቶ ይበላል፤ ለገና አዲስ አበባ ሲመጣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ «እራት አልደረሰም?» ይላል። ምን ማለት ነው ይኼ? ችሎታው አለ፤ ፈቃዱ ነው የሌለው።

ሌላም መከራከሪያ አለ፤ «ሴቶቹ ራሳቸው ወጥ ቤት አያስገቡንም»። ውሸት አይደለም። «ውጣልኝ፣ አታበላሽብኝ» የምትል እናት፣ ወንድሟ ሳህን ሲያጥብ የምትስቅበት እህት አለች። ሴትን ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ በሙያዋ ብቻ ስንመዝናት ከኖርን፣ «ሙያ ያላት» የሚለውን ክብር ብቻ ከሰጠናት፣ ያችኑ አንድ ክብሯን አጥብቃ ብትይዝ ይፈረድባታል? ይሁንና እህቴ፣ ለአንቺም አንድ ነገር አለኝ። ያ ክብር ወገብ ይሰብራል። የከተፈው ሽንኩርት ቢወፍርም ይብሰላል። ተዪውና ይክተፍ!

«ጊዜስ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። በሁለት ሰዓት ቤቱ የሚገባ ሰው ሁለት ሰዓት ቆሞ ሊያቁላላ አይችልም። መፍትሔው ግን እራቱን መቅበር አይደለም፤ ከበዓል ማሳነስ ነው። የሥራ ቀን እራት ዶሮ ወጥ መሆን የለበትም። እንጀራው ከሱቅ ይምጣ፣ ሽሮው ከባልትና ይምጣ፣ ቁሌቱ እሁድ ተሠርቶ ለሳምንቱ ይቀመጥ። ሰኞ አባት፣ ማክሰኞ እናት፣ ረቡዕ ትልቁ ልጅ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ እንቁላል መጥበስ አይከብደውም። ሠራተኛ ያለው ቤትም እራቱን ቀደም ያድርግና ልጅቷን በሰዓቷ ትምህርት ቤት ይስደዳት፤ ቤት በምትሆንበት ቀን ደግሞ ወንበር ይስጣት። ይኼን ለማድረግ አዋጅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ሰው ከሶፋው መነሳቱ ነው።

እራት ከንቱ ነገር ነው እያልኩ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። እንዲያውም የምጮኸው ዋጋ ስላለው ነው። ሁሉም በየፊናው ሲሮጥ በሚውልበት ከተማ፣ ቤተሰብ ፊት ለፊት የሚተያይበት ጊዜ ያቺ ግማሽ ሰዓት ብቻ ናት። ልጁ ፈተና መውደቁን ሳያስበው የሚያፈተልከው ጉርሻው አፉ ውስጥ እያለ ነው። የተኳረፉ ባልና ሚስት መነጋገር የሚጀምሩት «ጨው አቀብለኝ» ከምትለዋ ነው። የቤት ኪራይ መጨመሩ፣ የአያት መታመም፣ የእህት መታጨት የሚሰማው እዚያ ነው። ያ ነገር ቢቀር እውነትም ድሃ እንሆናለን።

ዋጋ ያለው ነገር ግን ወጪ አለው፤ ወጪውንም እስከ ዛሬ የከፈለው አንድ ወገን ብቻ ነው። ከፋዩ «ደከመኝ» ብሎ ሲነሳ ቀሪው «ባህል ሞተ» ብሎ ድንኳን ይተክላል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው የኖረው ሸክም መሬት ላይ ሲቀመጥ፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ ጫፉን መያዝ እንጂ ሙሾ ማውረድ ምን ይሉታል?

እንግዲህ ለቅሶ ደራሾች ሆይ፣ ለቤት እራት በእውነት አዝናችሁ ከሆነ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ይዛችሁ ግቡ። ቢላዋውን አንሱና ክተፉት። ከሌላው ቢቀር እንባችሁ እውነተኛ ይሆናል።